ነርስ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ስትለቅ፦ ለአሠሪ ያለባት ዕዳና ለታካሚ ያለባት አደራ

በድሬዳዋና በሐረር የጤና ተቋማት የሚሠሩ ነርሶች ሥራ ለመልቀቅ ሲያስቡ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «ዛሬ መልቀቂያ አስገብቼ ነገ ብቀር ምን ይደርስብኛል?» ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በጥድፊያ ነው። ጅጅጋ ያለ የእርዳታ ድርጅት ደውሎ «ሰኞ ሥራ ጀምሪ» ብሏል፤ ወይም የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያ ለወራት ሳይከፈል ቆይቶ ትዕግሥት አልቋል፤ ወይም ታማ የተኛች እናትን ለማስታመም መሄድ ግድ ሆኗል። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ያለች ነርስ ከባልደረቦቿ የምትሰማው መልስ ደግሞ ሁለት ጽንፍ የያዘ ነው። አንዱ «ፈቃድሽን ይነጥቁሻል፣ ትከሰሻለሽ» ሲላት፣ ሌላው «ምንም አያመጡም፣ ዝም ብለሽ ሂጂ» ይላታል። ሁለቱም መልሶች የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፦ ሥራን መልቀቅንና ታካሚን ጥሎ መሄድን እንደ አንድ ነገር ይቆጥሯቸዋል።

ሥራ መልቀቅ በነርሷና በአሠሪዋ መካከል ያለ የውል ጉዳይ ነው። የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ሳትጠብቅ ብትለቅ የምትጠየቀው ለአሠሪው ነው፤ መጠየቂያውም በአብዛኛው ገንዘብ ነው። ታካሚን ጥሎ መሄድ ግን በነርሷና በእጇ ባለው ሕመምተኛ መካከል ያለ የሙያ ጉዳይ ነው፤ ይህኛው የሙያ ፈቃድን፣ ሲከፋም የወንጀል ኃላፊነትን ይነካል። ይህ ልዩነት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ያሉ ብዙ የግዛት የነርሲንግ ቦርዶችም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ እንደሆነና በራሱ ታካሚን እንደ መተው እንደማይቆጠር፣ ታካሚን ተረክቦ ሳያስረክቡ መሄድ ግን ከፈቃድ ጋር የሚያያዝ ጥፋት እንደሆነ በግልጽ ጽፈው ያስቀምጣሉ። እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሁለቱ ተለይተው ቢታወቁ ብዙ ነርሶች ከማይገባ ፍርሃት፣ ብዙ ታካሚዎችም ከማይገባ አደጋ እንደሚድኑ ስለማምን ነው።

አሠሪው ማን ነው?

ስለ ማስጠንቀቂያ ከመነጋገር በፊት የሚለየው ነገር የተቋሙ ባለቤት ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ነርሶች በተለያየ ሕግ ሊተዳደሩ ይችላሉ። ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ቋሚ ሠራተኞቹ የፌዴራል ተቋም ሠራተኞች ናቸው፤ ጁገል ሆስፒታል ደግሞ የሐረሪ ክልል ነው። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች በአስተዳደሩ ጤና ቢሮ ሥር ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ቋሚ ቅጥር ያላት ነርስ የመንግሥት ሠራተኛ ስትሆን የምትተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። በከዚራም ሆነ በሳቢያን በሚገኝ የግል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ፣ እንዲሁም በእርዳታ ድርጅት የምትሠራ ነርስ ግን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትተዳደራለች። ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ በፓርት ታይም የምትሠራ ነርስ ሁለት አሠሪ ስላላት ሁለቱንም ሕግ ማወቅ ይኖርባታል፤ የአንዱን ሥራ ስትለቅ የተከተለችው ሥርዓት ለሌላው አያገለግላትም።

በግል ተቋም የምትሠራ ነርስ

በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ማንኛውም ሠራተኛ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ምክንያት እንዲያቀርብ አይጠየቅም። የአሠሪውም ፈቃድ አያስፈልግም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ «መልቀቂያሽን አልተቀበልኩትም» የሚል ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤውን ባይወደውም በአግባቡ እስከደረሰው ድረስ ጊዜው መቆጠር ይጀምራል። ቆጠራው የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ሲሆን፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ የሁለቱም ግዴታ እንዳለ ይቀጥላል፦ ነርሷ በፈረቃዋ ትገባለች፣ አሠሪውም ደመወዟን ይከፍላል። በሙከራ ጊዜ ላይ ላለች ነርስ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሙከራው በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለች።

የ30 ቀኑን ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ የለቀቀች ነርስ ምን ይጠብቃታል? አዋጁ በአንቀጽ 45 ለአሠሪው ካሳ እንድትከፍል ያደርጋል፤ ነገር ግን ካሳው ከ30 ቀን ደመወዟ ሊበልጥ አይችልም፤ የሚታሰበውም ከአሠሪው ከምትፈልገው ቀሪ ክፍያ ላይ ነው። ለምሳሌ በወር 9,000 ብር የሚከፈላት ነርስ በአንድ ጀንበር ብትለቅ የሚታሰብባት ካሳ ጣሪያው 9,000 ብር ነው። አንዳንድ የግል ተቋማት በቅጥር ውላቸው ላይ «ሳያሳውቅ የለቀቀ የሦስት ወር ደመወዝ ይከፍላል» የሚል ቃል ያስገባሉ። አዋጁ ግን ለሠራተኛው በሕግ ከተሰጠው ያነሰ መብት የሚሰጥ የሥራ ውል እንዳይደረግ ስለሚከለክል፣ እንዲህ ያለው ቃል ፊርማ ስላረፈበት ብቻ የሚጸና አይደለም። የዲግሪ ወይም የዲፕሎማ ኦርጅናልን «እስክትለቂ ድረስ እኛ ጋ ይቀመጥ» ብሎ መያዝም በአዋጁ ውስጥ መሠረት የሌለው ልማድ ነው። ወጣት ነርሶች ለመጀመሪያ ቅጥር ሲሄዱ ኦርጅናላቸውን አሳይተው ቅጂውን ብቻ እንዲሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሥራ የመልቀቅ ነፃነት ብዙውን ጊዜ የሚታጣው በዚያች የመጀመሪያ ቀን ነው።

ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ መልቀቅን ሕጉ ራሱ የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ እነዚህም በአንቀጽ 32 ተዘርዝረዋል። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ወይም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመ፣ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ካደረሰ፣ ለሠራተኛው ደኅንነት ወይም ጤና የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ በተሰጠው ማስጠንቀቂያ መሠረት በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ እንዲሁም በሕግ ወይም በውል የተጣለበትን መሠረታዊ ግዴታ በተደጋጋሚ ካልፈጸመ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። በነርስ ሥራ ውስጥ እነዚህ ነገሮች ረቂቅ ሐሳብ አይደሉም። ጓንት በሌለበት ዋርድ ደም እንድትቀዳ የምትታዘዝ፣ የስለት ማስወገጃ ሣጥን ሞልቶ ሲፈስ በጽሑፍ አሳውቃ መልስ ያጣች፣ በሌሊት ዱቲ ከኃላፊዋ ትንኮሳ የሚደርስባት፣ ደመወዟ ወር እየዘለለ የሚከፈላት ነርስ ሁሉ ጉዳይዋ ከዚህ አንቀጽ ጋር ሊገናኝ ይችላል።

ሆኖም አንቀጹ ሁለት ጥብቅ ነገሮች ይጠይቃል። አንደኛው፣ የምትለቅበትን ምክንያትና መልቀቂያው የሚጸናበትን ቀን በጽሑፍ ለአሠሪው ማሳወቅ አለባት፤ ቃል ብቻ አይበቃም። ሁለተኛው የጊዜ ገደብ ነው። በአንቀጽ 33 መሠረት ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከተወገደበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አንዲት ነርስ በደል ደርሶባት «ለልጆቼ ስል» ብላ ወራት ትታገሣለች፤ ከዚያ በአንድ ቀን በጥቃቅን ነገር ተነሥታ ትወጣለች፤ ፍርድ ቤት ስትደርስ ግን የቀድሞው በደል ጊዜው አልፎበታል፣ የመጨረሻው ጥቃቅን ነገር ደግሞ ለብቻው በቂ ምክንያት አይሆንም። ትዕግሥቷ የሚያስመሰግናት ሆኖ ሳለ በሕግ ፊት መብቷን ያሳጣታል። ስለዚህ በደል ሲደርስ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነበሩ ሰዎችን መጻፍና ለኃላፊ በጽሑፍ አቤት ማለት፣ ለመልቀቅ ባይታሰብም እንኳ፣ ከመጀመሪያው ቀን መለመድ ያለበት ነገር ነው።

የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ

ለመንግሥት ሠራተኞች በፌዴራል ደረጃ ወጥተው የነበሩት አዋጆች፣ ማለትም 515/1999 እና እሱን የተካው 1064/2010፣ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በማንኛውም ጊዜ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ደንግገዋል። ከግሉ ዘርፍ የሚለዩት ግን በአንድ ትልቅ ነገር ነው፦ ሠራተኛው በቀላሉ ሊተካ የማይችልና አገልግሎቱ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ከሦስት ወር ላልበለጠ ጊዜ መልቀቂያውን ሊያዘገይ ይችላል። የማደንዘዣ፣ የጽኑ ሕሙማን ወይም የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ የሆነች ሰው ይህ ድንጋጌ እሷን ሊመለከት እንደሚችል አስቀድማ ማሰብ አለባት። ክልሎችም የራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አላቸው፤ ሕጎቹም በየጊዜው ይሻሻላሉ፤ በመሆኑም ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ወደ ሰው ሀብት ክፍል ገብቶ «አሁን የሚሠራበት አዋጅ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅና አንቀጹን በዓይን ማየት ከብዙ ወሬ ያድናል።

በመንግሥት ቤት ሳያሳውቁ መቅረት የሚያስከትለው መዘዝ ከግሉ የከበደ ነው። የቀረችው ነርስ በማስታወቂያ ትጠራለች፤ ካልመጣች አገልግሎቷ ይቋረጣል፤ ይህም በግል ማኅደሯ ላይ ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ወደ መንግሥት ተቋም ልመለስ ስትል፣ ወይም የአገልግሎት ዘመኗ ለጡረታ እንዲያያዝላት ስትፈልግ፣ ያ ማኅደር ይወጣል። ከሌሎቹ የምትለየው ደግሞ መንግሥት ያስተማራት ነርስ ናት። ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ወይም ከዲግሪ ወደ ስፔሻሊቲ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ተምራ የአገልግሎት ግዴታ የፈረመች ከሆነ፣ ጉዳዩ የማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ የዕዳ ይሆናል። በዚያ ውል ላይ ብዙውን ጊዜ ዋስ አለ፤ አጎት ወይም የሥራ ባልደረባ። ነርሷ ጅቡቲ ወይም ሐርጌሳ ከገባች በኋላ ደመወዙ የሚያዘው የዚያ ሰው ነው። የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ብድርም እንዲሁ ነው። ዋሱን ሳያማክሩ መሄድ፣ ሕጉን ትተን በሰውነት ብቻ ብንመዝነው፣ ልክ አይደለም።

ታካሚው ጋ ያለው አደራ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ያበቃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የነርስ ሙያዊ ግዴታ የሚጀምረው ቅጥር ስትፈርም አይደለም፤ በዚያ ፈረቃ ታካሚዎችን ስትረከብ ነው። የሚያበቃውም መልቀቂያ ስታስገባ አይደለም፤ ለሌላ ብቁ ባለሙያ አስረክባ ስትወጣ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ፈረቃዋን ጨርሳ፣ በሥርዓት አስረክባ፣ በማግስቱ ያልተመለሰች ነርስ አሠሪዋን በድላ ይሆናል፤ ታካሚን ጥላ ሄዳለች ግን አይባልም። በአንጻሩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዋን በሥርዓት ሰጥታ በመጨረሻው ሌሊት እኩለ ሌሊት ላይ ዋርዱን ባዶ ትታ የወጣች ነርስ ለአሠሪዋ ምንም ዕዳ ባይኖርባትም ለታካሚዎቿ ግን ከባድ ጥፋት ፈጽማለች።

ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአንድ አልጋ ላይ እንየው። በማዋለጃ ክፍል በከባድ የእርግዝና ደም ግፊት የተኛችና የሚጥል መንቀጥቀጥ እንዳይመጣባት ማግኒዝየም ሰልፌት የምትወስድ እናት አለች እንበል። ይህ መድኃኒት ያድናል፤ መጠኑ በሰውነት ሲከማች ደግሞ መተንፈስን ያቆማል። ስለዚህ የሚቀጥለው መጠን ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ ሦስት ነገር ታያለች፦ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 በታች አለመውረዱን፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ መወርወሩን፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱን። ካልሲየም ግሉኮኔትም መርዙን ለመመለስ በአጠገቧ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነርሷ ተናድዳ ብትወጣ፣ የሚቀጥለው መጠን የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ያንን ጉልበት የሚመታ ማንም የለም። አስታማሚ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ልታይ የምትችለው «ተኝታለች» የሚለውን ብቻ ነው። ደም እየተሰጠው ያለ፣ ኢንሱሊን የሚጠብቅ፣ ከቀዶ ሕክምና ገና የወጣ ታካሚም ሁኔታው ከዚህ አይለይም።

ርክክብ የሚባለውም በበር ላይ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ መሄድ አይደለም። በየአልጋው እየዞሩ ታካሚው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተኛ፣ በዚህ ፈረቃ ምን እንደተለወጠ፣ የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠና የትኛው እንደቀረ፣ የሚጠበቅ የላብራቶሪ ውጤት እንዳለ መናገርና ቻርቱ ላይ መጻፍ ነው። በጥብቅ ቁጥጥር የሚያዙት የሞርፊን፣ የፔቲዲንና የዲያዜፓም መድኃኒቶች ቁም ሣጥን ቁልፍ ከነቁጥሩ በመዝገብ ተፈርሞ ይሰጣል፤ የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪና የኦክስጅን ሲሊንደርም እንዲሁ። ቁልፉን ኪስ ውስጥ ይዞ ቤት መግባት በብዙ ዋርዶች የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ለምትለቅ ነርስ ግን ከተራ መርሳት አልፎ በንብረትም በወንጀልም ሊያስጠረጥራት ይችላል።

ሕጉም ይህን አደራ ብቻውን አልተወውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 537 ሐኪምን፣ አዋላጅንና ነርስን በስም ጠቅሶ፣ ከባድ አስፈላጊነት ባለበት ሁኔታ ያለ በቂ ምክንያትና ከግዴታው ውጭ የሙያ አገልግሎቱን የነፈገ ባለሙያ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ድንጋጌው ሥራ መልቀቅን አይቀጣም፤ የሚቀጣው በጽኑ የተቸገረ ሰው ፊት ለፊት ሳለ በግዴለሽነት ወይም በጥላቻ ወይም በመሰል ስሜት እርዳታ መንፈግን ነው። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥርን የተመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ 299/2006ም የጤና ባለሙያን ሥነ ምግባር በሰፊው አስቀምጧል። የሙያ ፈቃድን የማገድ ወይም የመሰረዝ ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪው አካል ነው፤ ሥራ አስኪያጅ አይደለም። «ፈቃድሽን አሰርዛለሁ» የሚል አሠሪ ማድረግ የሚችለው አቤቱታ ማቅረብ ብቻ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው የሚመረምረውም በታካሚ ላይ የደረሰውን ነገር እንጂ የ30 ቀኑን ሒሳብ አይደለም።

ከነርሶች የሚነሣ ፍትሐዊ ጥያቄ እዚህ ላይ አለ። ተረካቢዋ ካልመጣችስ? ጧት 2 ሰዓት አልፎ፣ 3 ሰዓት ሆኖ፣ ሌሊቱን ቆማ ያደረች ነርስ እስከ መቼ ትጠብቃለች? ግዴታዋ ብቻዋን መቆየት አይደለም፤ ማሳወቅና ለሚችል ሰው ማስረከብ ነው። ለዋርዱ ሄድ ነርስ (የክፍሉ ነርሶች ኃላፊ)፣ እሷ ከሌለች ለሜትሮን (የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) ወይም ለዕለቱ ተረኛ ኃላፊ ትደውላለች፤ የደወለችበትን ሰዓትና ያነጋገረችውን ሰው በርክክብ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች፤ የመጣው ኃላፊ ራሱ ባለሙያ ከሆነ ለእሱ አስረክባ ትወጣለች። ሰው ማሟላት የአስተዳደሩ ሥራ ነው። ገና ከመረከቧ በፊት «ይህን ያህል ታካሚ ለብቻዬ መያዝ አልችልም» ብላ ለኃላፊ መናገሯም ታካሚን መተው አይደለም፤ ታካሚን መተው የሚሆነው ተረክባ ሳለ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ድሬዳዋ በ2006 ዴንጌን፣ በ2011 ቺኩንጉኒያን፣ በ2014 የወባ ወረርሽኝን ያየች ከተማ ናት። ዋርዱ በትኩሳት ታካሚ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ፍራሽ በሚነጠፍበት ሳምንት የአንዲት ነርስ መቅረት የሚጎዳው ቀሪዎቹን ባልደረቦቿንም ነው። ሕጉ በዚያ ሳምንት መልቀቅን አይከለክልም፤ ከቻለች ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ብትቆይ ደግ እንደሚሆን የማላምንበት ምክንያት የለም።

በኅብረት መልቀቅም ለብቻው መታየት አለበት። ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እጅግ አስፈላጊ ከተባሉ የሕዝብ አገልግሎቶች መካከል በመሆናቸው የሥራ ማቆም አድማ የተከለከለባቸው ናቸው። አንድ ዋርድ ሙሉ ነርስ በአንድ ቀን በአንድ ዓይነት ደብዳቤ ቢለቅ፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ ሕጋዊ መልክ ቢኖረውም፣ አድማ ተብሎ ሊታይ ይችላል። ቅሬታው የጋራ ከሆነ የጋራ አቤቱታ ጽፎ፣ ሙያ ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበር ካለ በእሱ በኩል ማቅረብ የሚሻል መንገድ ነው።

ደብዳቤው፣ ክሊራንሱና ቀሪው ክፍያ

የመልቀቂያ ደብዳቤ አጭር ቢሆን ይመረጣል። ስም፣ የሥራ ክፍል፣ የመልቀቅ ውሳኔ፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን፣ ፊርማ። የአንቀጽ 32 ምክንያት ካለ ግን በዝርዝር ይጻፍ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን የሰፈረበት ቅጂ በእጅ ይቅር። «አልቀበልም» ከተባለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክ ወይም በምስክር ፊት ማስረከብ ይቻላል። ለሄድ ነርሷ በቴሌግራም መልእክት ጽፎ መቅረት ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ ለማለት አያስችልም።

ቀጥሎ ክሊራንስ፣ ማለትም ከንብረትና ከዕዳ ነፃ መሆንን በየክፍሉ ማስፈረም፣ ይመጣል፦ ንብረት ክፍል፣ ፋርማሲ፣ ፋይናንስ፣ ብድር ማኅበር። አሰልቺ ነው፤ በአንድ ቀን የማያልቅበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን በአንቀጽ 36 መሠረት አሠሪው ደመወዝና ሌላ ቀሪ ክፍያን በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ የመክፈል ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ሠራተኛዋ በራሷ ጥፋት የተረከበችውን ንብረት ሳትመልስ ከዘገየች ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ሩጫው ከንብረት ክፍል ቢጀምር ይሻላል። አሠሪው ያለ ምክንያት ካዘገየ ደግሞ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ እንዲከፍል ሊያዝዘው ይችላል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነርሶች በብዛት የሚበደሉበት ቦታ ነው። አዋጁ አሠሪው ውሉ ሲቋረጥም ሆነ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ማስጠንቀቂያ ያልሰጠች ነርስም ይህ መብት አላት፤ ካሳው ሌላ፣ ማስረጃው ሌላ ነው። ደብዳቤውን እንደ ቅጣት መያዝ ለነርሷ የሚያስከፍለው ዋጋ ከካሳው በብዙ ይበልጣል። ለሳዑዲ፣ ለኳታርና ለኤምሬትስ የሚያመለክቱ ነርሶች ማስረጃ ዳታፍሎው በተባለው ድርጅት በኩል ከምንጩ ይጣራል፤ ይህም ማለት የቀድሞው ሆስፒታል ሰው ሀብት ክፍል ይጠየቃል ማለት ነው። የተቆጣጣሪው አካል የመልካም ሙያዊ አቋም ማረጋገጫም ይፈለጋል። በሥርዓት የተሰናበተችና ቅጂዎቿን የያዘች ነርስ ይህን ደረጃ በቀላሉ ታልፋለች፤ በጭቅጭቅ የወጣችው ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ማኅተም ፍለጋ ትመላለሳለች። የሆስፒታል ኃላፊዎችም እዚህ ላይ ቆም ብለው ቢያስቡ እመኛለሁ። ማስረጃ በመከልከል የሚያስቀሩት ነርስ የለም፤ የሚያተርፉት ነገር ቢኖር በዋርዱ የቀሩት ነርሶች ያንን አይተው የየራሳቸውን መውጫ በድብቅ እንዲያዘጋጁ ማድረግ ብቻ ነው።

ከተቋሙ ጋር መስማማት ካልተቻለ በግል ተቋም የምትሠራ ነርስ ወደ ከተማው ሥራና ክህሎትን የሚመለከተው ቢሮ አቤት ልትል፣ ወይም በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ልትመሠርት ትችላለች፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነች በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ኮሚቴ ጀምራ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ትሄዳለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አዲስ ሥራ ይዛ ወደ ጅጅጋ ወይም ወደ ውጭ አገር የምትሄድ ነርስ ቀኑን ሳትቆጥር ጊዜው ሊያልፍባት ስለሚችል፣ ከመሄዷ በፊት ለምታምነው ሰው ውክልና ሰጥታ ብትሄድ ይበጃታል።